እጆቼን ያነሣሁ ዕለት

ኪቦርድ መማር የጀመርኩት በፍቅር ምክንያት ነው። የሙዚቃ ፍቅር ግን አይደለም፤ የምሕረት ፍቅር ነው። ምሕረት እዚህ ሀና ማርያም አካባቢ ባለችው ቤተ ክርስቲያናችን በኳየር የምታገለግል፣ ሳቋን መያዝ የማትችል ልጅ ናት። እኔ ደግሞ ያኔ የጂፕሰም ሠራተኛ ነበርኩ፤ አሁንም ነኝ። አዳዲስ ቤቶች ውስጥ አንገቴን ቀና አድርጌ ኮርኒስ ሳለሰልስ እውላለሁ፤ ማታ ወደ ቤት ስገባ ከቅንድቤ እስከ ጫማዬ ነጭ ነኝ። በቤተ ክርስቲያን የነበረኝ ድርሻ ስፒከር መሸከም፣ ገመድ መዘርጋት፣ ፕሮግራም ሲያልቅ ገመዱን መጠቅለልና ወንበር መደርደር ነበር። ይህን የሚሠራ ሰው የሚታወሰው ማይክ ሲጮህ ብቻ ነው። ያኔ ሁሉም ዞሮ ያየዋል።

ከምሕረት ጋር ተስማምተን ሽማግሌ ለመላክ ስንወስን የመረጥኩት ጋሽ ታደሰን ነው። ጋሽ ታደሰ የቤተ ክርስቲያናችን ሽማግሌ ናቸው። ደግ ሰው ናቸው፤ አፋቸው ግን ከሐሳባቸው ቀድሞ ይደርሳል። የምሕረት አባት ጋሽ ሉቃስ ደግሞ ከወላይታ መጥተው፣ ዕድሜያቸውን ሙሉ ምሰሶ ላይ እየወጡ የኤሌክትሪክ ሽቦ ሲዘረጉ ኖረው በጡረታ የተገለሉ ሰው ናቸው። ቤታቸው ለቡ መብራት ኃይል ነው፤ የሚያመልኩትም በዚያው ሰፈር ቤተ ክርስቲያን ነው። ብዙ አይናገሩም። ሰውን የሚያዩት ግን ቆጣሪ እንደሚያነብ ሰው ነው፤ ዝም ብለው፣ ቀረብ ብለው፣ እስከ መጨረሻው።

በእኛ በአማኞች ዘንድ ሴት ልጅ ስትጠየቅ መጀመሪያ የሚነሣው ጥያቄ "ምን ሠርቶ ይበላል?" የሚለው አይደለም። "ምን ያገለግላል?" የሚለው ነው።

"ምን ያገለግላል?" አሉ ጋሽ ሉቃስም።

"በሙዚቃ ክፍል ነው" አሉ ጋሽ ታደሰ። እስከዚህ ድረስ እውነት ነው።

"ምን ይጫወታል?"

እዚህ ላይ "ገመድ ይጠቀልላል" ማለት ይቻል ነበር። ጋሽ ታደሰ ግን ራሳቸው እንደነገሩኝ ጣራውን አዩ፣ የቀረበላቸውን ምግብ አዩ፣ ከዚያ "ኪቦርድ!" አሉ። ይህ አልበቃ ብሏቸው "የዘመኑንም የባህሉንም!" ብለው ጨመሩበት።

የዚያን ዕለት ማታ እያፏጩ መጡ።

"በረከት ልጄ፣ ነገርህ አልቋል! ጋሽ ሉቃስ አዲሱን ቤታቸውን ስለጨረሱ የምስጋና ፕሮግራም አላቸው። አንተ ሄደህ በኪቦርድ ታገለግላለህ። እሳቸው አንተን ካዩ በኋላ በዚያው ቀን መልስ ይሰጣሉ። የቀረችህ ትንሽ ነገር ናት።"

"ምን?"

"ኪቦርድ መልመድ።"

"ጋሼ! ዋሹ እኮ!"

ጋሽ ታደሰ ቅር አላቸው። "እኔ? እኔ አልዋሸሁም። በእምነት ነው የተናገርኩት። አሁን አንተ እምነቴን እንዳታሳፍር።"

ነገሩ እንዲህ ሆኖ፣ ቀኑ እስኪደርስ የነበረኝ ጊዜ ከወር ብዙም አይዘልም። የቤተ ክርስቲያናችን ኪቦርዲስት ናቲ የሚባል ወጣት ነው፤ ጣቶቹ ቀጫጭን፣ ሱሪው ጠባብ፣ ልቡ ሰፊ ነው። የዘመኑን እንዲያስተምረኝ ለመንኩት። "ቀላል ነው ብሮ" አለኝ። "አራት ኮርድ ከያዝክ ከዘመኑ መዝሙር ግማሹን ተጫወትክ ማለት ነው። ሌላውን ኪቦርዱ ራሱ ይሠራልሃል።"

ኪቦርዱ ብዙ ይሠራል፤ ጣቶቼ ግን ለጂፕሰም የተፈጠሩ ናቸው። አንዱን ቁልፍ ስጫን ጎረቤቱም አብሮ ይጮሃል። በሠራሁበት ቀን የመጣሁ እንደሆነ ደግሞ ጥቁሮቹ ቁልፎች ሁሉ ነጭ ይሆናሉ፤ ናቲ በመሐረብ ሲጠርግ ያመሻል።

የባህሉን ያስተማሩኝ እትዬ ጫልቱ ናቸው። እትዬ ጫልቱ ሀና ማርያም ገና እርሻ ሳለ ጀምሮ እዚያው የኖረ ቤተሰብ ልጅ ናቸው፤ ዛሬም በኮንዶሚኒየሞቹ መሐል ላሞች አሏቸው፣ ለሰፈሩ ወተት ይሸጣሉ። በእኛ ቤተ ክርስቲያን ከበሮ የሚመቱት እሳቸው ናቸው። መዝሙር የሚጀምሩትም ከተቀመጡበት ነው፤ ለሙዚቀኛ ማስጠንቀቂያ አይሰጡም፣ ከየትኛው ድምፅ እንደሚነሡም አይናገሩም። እሳቸው ከጀመሩ ናቲ እንኳ ላብ ያሰምጠዋል።

ጊዜ የላቸውምና ያስተማሩኝ ላም እያለቡ ነው። በባትሪ የምትሠራ የናቲን አሮጌ ትንሽ ኪቦርድ ታቅፌ በረቱ ደጃፍ እቀመጣለሁ። እሳቸው ይዘምራሉ፣ እኔ እፈልጋቸዋለሁ።

"እትዬ፣ ከየትኛው ቁልፍ ነው የጀመሩት?"

"እኔ ቁልፍ የለኝም ልጄ። ጉሮሮ ነው ያለኝ።"

"ታዲያ በምን ላግኝዎት?"

"ጣትህን እያየህ ታገኘኛለህ? ዓይንህን ጨፍን፣ በጆሮህ ና! አምስት ድምፅ ናት፤ ከአምስቷ ባንዷ አለሁ።"

ስሳሳት ላሚቱ ትራገጣለች። አንድ ቀን ወተቱን ሙሉ ባልዲ ደፋችው። እትዬ ጫልቱ "ያ ዋቃዮ! እሷ እንኳ ለየችው!" ብለው በሳቅ ሞቱ። እንደዚህም ሆኖ ወደ መጨረሻው ገደማ በአንድ ጣት እየተከተልኩ ከኋላቸው እደርስባቸው ጀመር። ላሚቱም ቀስ በቀስ ረጋች።

ከፕሮግራሙ በፊት በነበረው ምሽት ናቲ የዘመኑን ሁለት መዝሙሮች አስጫወተኝ። ስጨርስ ቁልፎቹን በመሐረብ ጠረገ።

"ወንድሜ፣ ምሕረትን ትወዳታለህ?"

"እንዴ! ከልቤ ነዋ!"

"በቃ ተነሣ።" ተቀመጠና ሁለቱንም መዝሙሮች ራሱ እየተጫወተ ኪቦርዱ ውስጥ ቀዳቸው። "ነገ ሠርግ ስላለብኝ አብሬህ መሆን አልችልም። ይቺን ቁልፍ ትጫናለህ፣ መዝሙሩ ይጀምራል። አንተ እጅህን ቁልፎቹ ላይ እያንሸራሸርክ ፊትህን ጨፍገግ ታደርጋለህ። ጥሩ ኪቦርዲስት ሁሉ ፊቱን ያጨፈግጋል። ከሁለቱ መዝሙር በኋላ ስብከት ነው፣ ከዚያ ምግብ ነው፣ ከዚያ ሚስት ነው።"

"ናቲ፣ ይሄ ነገር ትክክል ነው?"

"ድምፁ የኪቦርዱ ነው፣ ኪቦርዱ የቤተ ክርስቲያን ነው። ምን አጠፋህ?" አለና ቦርሳውን አንጠልጥሎ ሄደ።

ቅዳሜ ከሰዓት ኪቦርዱን ታቅፌ ባጃጅ ውስጥ ገባሁ። በአንድ በኩል ጫፉ ወጥቶ ስለነበር ሀይሌ ጋርመንት ላይ የሚያልፍ ሰው ሁሉ ጎንበስ እያለ ነው የተሻገረው። ጋሽ ሉቃስ ግቢ ስደርስ ድንኳን ተተክሏል፣ ፕላስቲክ ወንበሮች ሞልተዋል፣ ከጓሮ የዳጣ ድቁስ ሽታ አፍንጫ ይሰነፍጣል። ዘመድ ከወላይታ ሳይቀር መጥቷል። ገመዶቼን ዘረጋሁ፣ ቀድመው የመጡትን ስፒከሮች አቆምኩ፣ ማይኩን ሞከርኩ። እዚህ ድረስ ያለውን ዓይኔን ጨፍኜ እሠራዋለሁ። ከዚያ ኪቦርዱ ፊት ተቀመጥኩ።

ምሕረት ማይክ ይዛ አጠገቤ ቆመች። የምትዘምረው እሷ ናት። ስለተቀዳው መዝሙር ምንም አታውቅም፤ የምታውቀው መለማመዴን ብቻ ነው።

"ለመድካት?" አለችኝ በሹክሹክታ።

"ለመድኳት።"

"አባዬ ጆሮው ቀላል እንዳይመስልህ። ከምሰሶ ሥር ቆሞ ሽቦ ሲጮህ የቱ ጋ እንደላላ የሚያውቅ ሰው ነው።"

ጋሽ ሉቃስ ፊት ለፊቴ መጀመሪያው ወንበር ላይ ነበሩ። ጋሽ ታደሰ ከጎናቸው ተቀምጠው አውራ ጣታቸውን አነሡልኝ። እኔም ናቲ ያሳየኝን ቁልፍ ተጫንኩ።

ወገኖቼ፣ እንዴት ያለ ኪቦርድ! የናቲ ጣቶች ከውስጥ ፈሰሱ። እኔ እጆቼን ከላይ አንሸራሸርኩ፣ ፊቴን አጨፈገግኩ፣ አንዳንዴም እንደ ናቲ ትከሻዬን አወዛወዝኩ። ምሕረት በመገረም አየችኝ፤ ከዚያ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ ዘመረች። ከወላይታ የመጡት የጋሽ ሉቃስ ታላቅ እህት፣ ሁሉም አክስት የሚሏቸው እናት፣ ከወንበራቸው ተነሥተው "ሃሌ ሉያ!" አሉ። የጋሽ ሉቃስ ግንባር ሲፈታ በዓይኔ አየሁ። ጋሽ ታደሰ ወደሳቸው ጠጋ ብለው "አላልኩዎትም?" ሲሉ ከንፈራቸውን አነበብኩ።

ሁለተኛው መዝሙር ቀስ ያለ ነበር፤ የአምልኮ መዝሙር። ከመዝሙሩ መሐል ላይ ሊሰብኩ የተጋበዙት ወንጌላዊ ከምሕረት ማይክ ተቀበሉና "ወገኖቼ! ሁላችሁም ዓይናችሁን ጨፍኑ! እጃችሁን ወደ ላይ አንሡ!" አሉ።

አነሣሁ።

እባካችሁ ተረዱኝ። ከልጅነቴ ጀምሮ እጅ አንሡ ሲባል አነሣለሁ። ይህ የሐሳብ ጉዳይ አይደለም፤ እጆቼ ራሳቸው ያውቁታል። "አንሡ" የሚለው ቃል ሳያልቅ ሁለቱም ከጆሮዬ በላይ ነበሩ። ዓይኔን ጨፈንኩ። ደግሞም እውነቱን ልንገራችሁ፣ ከዚያ ሁሉ ጭንቀት በኋላ ደስ አለኝ፣ ልቤ ተነካ፣ እንባዬም መጣ። "ጌታ ሆይ፣ ተመስገን" አልኩ። "ኪቦርዱም ዛሬ እንዴት ያምራል" አልኩ በልቤ። "ማነው እንዲህ የሚጫወተው? ናቲ ሠርጉን ትቶ መጣ እንዴ?"

ከዚያ አስታወስኩ። ኪቦርዲስቱ እኔ ነኝ።

አንድ ዓይኔን ገለጥ አደረግኩ። እጆቼ አየር ላይ ናቸው። ኪቦርዱ እየተጫወተ ነው፤ እንዲያውም ናቲ በጣም የሚወዳት ጣት በጣት የምትወርድ ጌጥ ላይ ደርሷል። ድንኳኑ ውስጥ ዓይኑን የጨፈነ ሰው አንድም አልነበረም። ምሕረት የነጠላዋን ጫፍ ነክሳ ትከሻዋ በሳቅ ይንቀጠቀጣል። ጋሽ ታደሰ ጣራውን እያዩ ነው።

መጀመሪያ የተናገሩት አክስት ናቸው።

"መልአክ!" አሉ ጣታቸውን ወደ ኪቦርዱ ቀስረው። "መልአክ ነው የሚጫወተው!" ተንበረከኩ። ከኋላ ያሉ እናቶች እልል አሉ። አንድ ሰውዬ ስልኩን አውጥቶ መቅረጽ ጀመረ። ወንጌላዊውም ለአፍታ ካመነቱ በኋላ ማይኩን ወደ አፋቸው አስጠግተው "ዛሬ በዚህ ቤት..." ብለው ጀመሩ።

እዚህ ላይ ዝም ማለት አልቻልኩም። ሚስት ማጣት አንድ ነገር ነው፤ የሐሰት ተአምር ይዞ መግባት ግን ሌላ ነው።

"መልአክ አይደለም!" ብዬ ጮህኩ። "ናቲ ነው!"

"ናቲ የሚባል መልአክ!" አሉ አክስት፣ እልልታውም ጨመረ።

ማቆሚያውን ቁልፍ ለመጫን ከወንበሬ ወርጄ ተንበረከክኩ። ቸኩዬ ስለነበር የተጫንኩት ሌላ ነው። መዝሙሩ በእጥፍ ፈጠነ። ሌላ ተጫንኩ፤ የሠርግ ጭፈራ ምት ገባበት። ሌላ ስጨምር ኪቦርዱ በጥሩምባ ይዘምር ጀመር። እልልታ የያዙት እናቶች መዝሙሩ ሲፈጥን እነሱም ፈጠኑ። ለቡ መብራት ኃይል ስሙ እንደዚያ ቢሆንም መብራት የማይጠፋበት ሰፈር አይደለም። በሕይወቴ መብራት እንዲጠፋ የጸለይኩት ያን ቀን ብቻ ነው። አልጠፋም።

ጋሽ ሉቃስ ተነሡ። ሳይቸኩሉ ኮታቸውን አስተካከሉ፣ በእንግዶቹ መሐል አልፈው ወደ ቤቱ ግድግዳ ሄዱ፣ ሶኬቱን ነቀሉት።

ጸጥ አለ። ከሩቅ የባጃጅ ጡሩምባ ብቻ ይሰማል።

"በረከት" አሉኝ።

"አቤት ጋሼ።"

"ልጄን የጠየቀኝ ማነው? አንተ ነህ ወይስ ይሄ?" ኪቦርዱን በአገጫቸው አመለከቱ።

"እኔ ነኝ ጋሼ።"

"ልጄን ለዚህ ለኪቦርዱ ብድራት ይሻላት ነበር። ቢያንስ ይችላል።"

ጋሽ ታደሰ ብድግ አሉ። "ጋሽ ሉቃስ፣ ነገሩ እንኳ በእምነት..."

"ይቀመጡ ጋሽ ታደሰ።" ተቀመጡ።

ምሕረት ሳቋ ጠፍቶ ዓይኗ ውኃ ሞላ። እኔ ጉልበቴ መሬት ላይ እንዳለ እጄ አሁንም ቁልፎቹ ላይ ነበር። ጋሽ ሉቃስ ትንሽ አሰቡና ሶኬቱን መልሰው ሰኩት።

"ሰው ከሩቅ መጥቷል፤ ምስጋናዬን አላቋርጥም" አሉ። "የባህሉንም ይችላል ተብያለሁ። እኔ እጀምራለሁ። ተከተለኝ።"

ማይክ አልያዙም። የቀኝ እጃቸውን ጆሯቸው ሥር አድርገው በወላይትኛ አንድ የድሮ መዝሙር ጀመሩ። ድምፃቸው ሻካራ ነው፤ ይንቀጠቀጣል፣ ይነሣል፣ ከዚያ ሳይታሰብ ሌላ ቦታ ይገኛል። የወላይታ ዘመዶች ማጨብጨብ ጀመሩ፤ የጭብጨባው አመታት ናቲ ካስተማረኝ ምት ከአንዱም ጋር አይገጥምም። አንድ ቁልፍ ነካሁ። አይደለም። ሌላ ነካሁ። ጨርሶ አይደለም። አንዲት ሴት "ውይ!" አለች።

ያኔ በረቱ ትዝ አለኝ። ዓይኔን ጨፈንኩ። ጣራውን፣ ሰዉን፣ የምሕረትን ፊት፣ ሁሉንም ተውኩና ወደ ጋሽ ሉቃስ ጉሮሮ በጆሮዬ ሄድኩ። አምስት ድምፅ ናት፤ ከአምስቷ ባንዷ አሉ። በአንድ ጣቴ ዳበስኩ። አገኘኋቸው። አንድ መስመር አብረን ሄድን። እሳቸው ግን ስሜት ሲይዛቸው ድምፃቸው ሽቅብ ይወጣል፤ ምሰሶ መውጣት የለመደ ሰው እኮ ነው። ጠፉብኝ። እንደገና ፈለግኳቸው። አገኘኋቸው፣ ጠፉ፣ አገኘኋቸው። ከኋላ ከኋላ እየሮጥኩ፣ እየተደናቀፍኩ፣ በአንዲት ሻካራ ጣት መጨረሻው ስንኝ ላይ ደረስኩ። እሳቸው ሲያቆሙ የእኔ ጣት አንድ ድምፅ አልፋ ቆመች። ላሚቱ ብትኖር ብዙ ጊዜ ትራገጥ ነበር፤ ወተቱን ግን የምትደፋው አይመስለኝም።

ጋሽ ሉቃስ ቁልቁል አዩኝ። ስቀው እንደሆነ፣ ተቆጥተው እንደሆነ ማወቅ አልቻልኩም።

"ጆሮህ ትንሽ ትንሽ ይሰማል" አሉና ወደ ወንበራቸው ሄዱ። ያሉት ይሄንኑ ብቻ ነው።

ስብከቱን አልሰማሁትም። ምግብ ሲቀርብ አልበላሁም። ምሕረት ዳጣ የተቀባ ሥጋ በሳህን አምጥታ አጠገቤ አስቀመጠችና "መልአኬ፣ ብላ እንጂ" ብላኝ ሄደች። መሳቋ ትንሽ ነፍሴን መለሰልኝ፤ ግን ሥልጣኑ የእሷ አይደለም። መልሱ ዛሬ ይሰጣል ተብሏል፤ ዛሬ ደግሞ ሊያልቅ ነው። እንግዳው እየተሳሳመ መውጣት ጀመረ። ጋሽ ታደሰ ጫማቸውን ፍለጋ ብለው ወጥተው በዚያው ቀሩ።

እኔ ማድረግ የማውቀውን አደረግኩ። ወንበሮቹን ደረደርኩ። ስፒከሮቹን ወደ በሩ አስጠጋሁ። ከዚያ መሬት ተቀምጬ ገመዶቹን መጠቅለል ያዝኩ፤ አንዱን ዙር ወደ ውስጥ፣ ቀጣዩን ወደ ውጭ፣ እንደገና ወደ ውስጥ። አሸዋ የነካውን በጨርቅ እጠርጋለሁ። ልቤ አዝኖ ስለነበር ቀስ ብዬ ነው የጠቀለልኩት፤ ሥራው እንዳያልቅብኝ።

ቀና ስል ጋሽ ሉቃስ ከላዬ ቆመዋል። መቼ እንደመጡ አላወቅኩም።

"ማነው ይሄን ያስተማረህ?"

"የቱን ጋሼ?"

"አጠቃለሉን።"

"ማንም አላስተማረኝም። በክርን ላይ ሲጠመጠም ገመዱ ይጣመማል፣ ውስጡ ቀስ እያለ ይበጠሳል። ከላይ አይታይም። እሑድ ፓስተሩ ሲሰብኩ ማይኩ ይሞታል። ስለዚህ እያቀያየርኩ እጠቀልለዋለሁ።"

ጎንበስ ብለው የጠቀለልኩትን አንዱን አነሡ። ጫፉን ይዘው ወረወሩት። ገመዱ ሳይቋጠር፣ ሳይጣመም ድንኳኑን አቋርጦ ተዘረጋ። ያን ጊዜ ፊታቸው ላይ ያየሁትን፣ የናቲ መዝሙር እንኳ አላመጣውም ነበር።

"ስንት ዓመት ሠራህ ይሄን?"

"ቤተ ክርስቲያን ከመጣሁ ጀምሮ።"

"ታዲያ ጋሽ ታደሰ ለምን ይሄን አልነገሩኝም?"

"ገመድ መጠቅለል አገልግሎት ተብሎ አይነገርም ብለው ይሆናል ጋሼ።"

ጋሽ ሉቃስ አጠገቤ ካለው ወንበር ላይ ቁጭ አሉ። "እኔ ምሰሶ ላይ ስወጣ ሰዉ ቀና ብሎ የሚያየው እኔን ነበር" አሉ። "ከታች ገመድ የሚይዝልኝን ሰው ማንም አያየውም። ነፍሴ ግን በእሱ እጅ ነበረች። እሱ ሰነፍ ቢሆን ኖሮ ዛሬ ምሕረት የምትባል ልጅ የለችም።" ከዚያ እጃቸውን ዘረጉ። "በል፣ ያንን ጫፍ አቀብለኝ።"

የቀረውን ገመድ አብረን ጠቀለልን። እሳቸው ከእኔ ይፈጥናሉ። የመጨረሻውን ስናስር "ሽማግሌዎችህ ለቀን ቆረጣ ይምጡ" አሉኝ። የታሰረውን ገመድ አቀበሉኝ። "ጋሽ ታደሰም ይምጡ፤ ግን ሌላ ሰው ይናገር። ኪቦርዱን ደግሞ ልመድ። ሠርጉ ላይ መልአክ አልፈልግም።"

ከበር ጀርባ የሳቅ ድምፅ ሰማሁ። ምሕረት ሳቋን መያዝ አትችልም ብያችኋለሁ።

እንግዲህ ያ ሁሉ ካለፈ ቆየ። ምሕረት ሚስቴ ናት። የሠርጋችን ቀን ናቲ በገዛ ጣቶቹ ተጫወተ፣ እትዬ ጫልቱ ያለማስጠንቀቂያ ጀመሩ፣ አክስት ናቲን ሲያዩ "እሱ ነው?" ብለው ቢጠይቁ "እሱ ነው" አልናቸውና እጁን ሳሙት።

እኔም መማሬን አልተውኩም። የዘመኑን ከናቲ፣ የባህሉን ከበረት እየተማርኩ ዛሬ ናቲ በሌለበት እሑድ ኪቦርዱ ላይ እቀመጣለሁ። ጥሩ ነኝ አልላችሁም፤ ጆሮዬ ግን ትንሽ ትንሽ ይሰማል። እናንተ ይህን የምታነቡ፣ ጀማሪ ከሆናችሁ ከእኔ አንዲት ነገር ያዙ። ሰው ያልሆናችሁትን ስለ እናንተ ቢናገርላችሁ፣ በእምነትም ቢሆን፣ ደንግጣችሁ የሆናችሁትን አትናቁት። እኔ አፍሬበት ከኪቦርድ ጀርባ ልደብቀው የነበረው ገመድ ነው ሚስት ያሰጠኝ። ይህን ሳስብ እስከዛሬ ይገርመኛል፣ ደስም ይለኛል።

የቀረብኝ ችግር አንድ ነው። ፓስተሩ "ዓይናችሁን ጨፍኑ፣ እጃችሁን አንሡ" ባሉ ቁጥር ምእመኑ ሁሉ ዓይኑን ከፍቶ ወደ እኔ ያያል። እጆቼ አሁንም ጠባያቸውን አልተዉም፤ ሊነሡ ይታገላሉ። ስለዚህ ተስማምተናል፦ ቀኙ ይነሣል፣ ግራው እየተጫወተ ይቀራል። ከፊት ወንበር ላይ ደግሞ አሁን ከእኛ ጋር የሚያመልኩት አማቴ ጋሽ ሉቃስ አንድ ዓይናቸውን ጨፍነው በሌላው ግራ እጄን ይጠብቃሉ። የእሳቸው አንድ ዓይንና የእኔ አንድ እጅ ሲደመር፣ መቼም እግዚአብሔር እንደ አንድ ሙሉ ጸሎት ይቆጥርልናል።